ሶላት የቆጠረው ፖሊስ

ኖቬምበር 2006 ላይ በአሜሪካ በፋሎ ዩኒቨርሲቲ የምትማር አንዲት እህት ኢሜይል ደረሳት። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ኢሜይሉ በካናዳ ቶሮንቶ ስለሚካሄድ ኢስላማዊ ጉባኤ የሚገልጽ ማስታወቂያ ነበር። እህታችን የካምፓሷ የሙስሊም ተማሪዎች ማኅበር አመራር ውስጥ ስለነበረች፣ ማንኛችንም እንደምናደርገው፣ በያሁ ግሩፕ ላሉት ጓደኞቿ አስተላለፈችው። እሷ ራሷ ጉባኤው ላይ አልተገኘችም። ነገሩንም ረሳችው።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2012 መጀመሪያ፣ ስሟ በኒውዮርክ ከተማ ፖሊስ ምስጢራዊ ሪፖርት ላይ ሰፍሮ እንደነበር ታወቀ። ሪፖርቱን ያወጣው አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል ነው። ርዕሱ ስለ ሙስሊም ተማሪዎች ማኅበራት የሚቀርብ ሳምንታዊ ሪፖርት የሚል ሲሆን የተጻፈው በኖቬምበር 22 ቀን 2006 ነው። የፖሊሱ የሳይበር ክፍል ባልደረባ የማኅበራቱን ድረ ገጽ፣ ብሎግና የውይይት መድረክ በየዕለቱ እየከፈተ ያነብ ነበር። ማን ዳዕዋ ሊያደርግ እንደተጋበዘ፣ ማን ምን ማስታወቂያ እንዳስተላለፈ፣ የትኛው ሸይኽ መቼ እንደሚመጣ ይመዘግባል። ክትትሉ ከደረሰባቸው መካከል የዬል፣ የኮሎምቢያ፣ የፔንሲልቬንያ፣ የሲራኪዩስና የረትገርስ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ይገኙበታል። ልብ በሉ፤ ዬል ያለው ኮኔቲከት ግዛት ውስጥ ነው። የኒውዮርክ ከተማ ፖሊስ እዚያ የትራፊክ ቅጣት እንኳ የመጻፍ ሥልጣን የለውም።

ነገሩ በስክሪን ብቻ አላበቃም። በኤፕሪል 2008 የኒውዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ሙስሊም ተማሪዎች ወንዝ ላይ በጀልባ ለመዝናናት ሲወጡ አንድ ማንነቱን የደበቀ ፖሊስ አብሯቸው ሄደ። በሪፖርቱ የተጓዦቹን ስም ጻፈ። ተማሪዎቹ በቀን ቢያንስ አራት ጊዜ እንደሰገዱና አብዛኛው ወሬያቸው ስለ እስልምና እንደነበርም መዘገበ። መንገደኛ ሆነው ሶላት ጀምዕ አድርገው ሰግደው ይሁን አይሁን ፖሊሱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ የእሱ ሥራ መቁጠር ነበር።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት አሜሪካኖችን ለመውቀስ አይደለም። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲዎች የሚደረገው ዲጂታል ክትትል ምን እንደሚመስል ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ ስላላገኘሁ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ማንም የማንንም ኮምፒዩተር ሰብሮ አልገባም። የተነበበው ተማሪዎቹ ራሳቸው የጻፉት ነው። ችግሩ የመጣው ተራ የሆነ ነገር ተለቅሞ፣ ከስም ጋር ተያይዞ፣ በሌላ ሰው መዝገብ ውስጥ ሲቀመጥ ነው።

ውጤቱስ? የሙስሊሞችን ሰፈር፣ ሱቅና መስጂድ ይከታተል የነበረው የዚያው ፖሊስ ክፍል የሚገኝበት የስለላ ዘርፍ አዛዥ በ2012 ለፍርድ ቤት ጉዳይ ቃላቸውን ሲሰጡ፣ እሳቸው በመሩባቸው ዓመታት ከክፍሉ ሥራ አንድም የሽብር ምርመራ እንዳልተከፈተ በመሐላ አምነዋል። ክፍሉ በ2014 ተዘጋ። የአሜሪካና ካናዳ የሙስሊም ተማሪዎች ማኅበር ከከሳሾቹ አንዱ የሆነበት ክስም በ2018 በስምምነት ተጠናቀቀ። በተማሪዎቹ ላይ የደረሰው ጉዳት ግን በስምምነት የሚጠናቀቅ ዓይነት አልነበረም። የሕግ ባለሙያዎችና የመብት ድርጅቶች በ2013 ባወጡት ጥናት ተማሪዎቹ በማኅበራቸው ክፍል ውስጥ ስለ ፖለቲካ ማውራት እንዳቆሙ፣ አዲስ የሚመጣን ሰው በጥርጣሬ ማየት እንደጀመሩ ተናግረዋል። አዲስ የሰለመ ወንድም ሲመጣ «ይሄ ማነው የላከው?» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሰላምታ የሚገባው ሰው በጥርጣሬ ሲገረመም ማለት ነው።

አሁን ወደ ትምህርት ቤት እንግባ። ክትትል የሚካሄድባቸው መንገዶች በሦስት ቦታ ይመደባሉ፤ በመሣሪያው፣ በኔትወርኩና በአካውንቱ ላይ።

በመሣሪያ ላይ የሚደረገውን ለመረዳት ከሁሉ የሚታወቀው በፔንሲልቬንያ ግዛት ፊላደልፊያ አጠገብ ባለው የሎወር ሜሪየን የትምህርት ወረዳ የተፈጸመው ነው። ወረዳው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቹ 2,300 ያህል ላፕቶፖች አደለ። በላፕቶፖቹ ላይ ቢሰረቁ ለማግኘት የሚረዳ ፕሮግራም ተጭኖ ነበር። ፕሮግራሙ ሲበራ በየ15 ደቂቃው በካሜራው ፎቶ ያነሳል፣ ስክሪኑንም ይቀዳል። ተማሪዎቹና ወላጆቻቸው ይህን አልተነገራቸውም። በ2009 መጨረሻ አንድ ተማሪ በቤቱ ውስጥ ተገቢ ያልሆነ ነገር ሲያደርግ ታይተሃል ተብሎ በምክትል ርዕሰ መምህሯ ተጠራ። ማስረጃው በገዛ መኝታ ክፍሉ ውስጥ የተነሳ ፎቶ ነበር። የአደንዛዥ ዕፅ እንክብል ነው የተባለው ነገር ከረሜላ እንደነበር ቤተሰቡ ተናገረ። ጉዳዩ በ2010 ፍርድ ቤት ሲደርስ ከ50 ሺህ በላይ ምስሎች ተሰብስበው እንደነበር ታወቀ፤ የተኙ ልጆች ምስል ሳይቀር። ወረዳው 610 ሺህ ዶላር ከፍሎ ተስማማ። ዐቃቤ ሕግ የወንጀል ሐሳብ አላገኘሁም ብሎ ክስ አልመሠረተም፤ ምናልባትም ትክክል ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለሌባ የተዘጋጀ ካሜራ ነበር፣ ማጥፋቱን የሚያስታውስ ሰው ግን አልነበረም።

በኔትወርክ ላይ የሚደረገው ከዚህ ይለያል። በካምፓስ ዋይፋይ ስትገናኙ ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው አካል የትኛውን ድረ ገጽ፣ መቼና ምን ያህል እንደተጠቀማችሁ ማየት ይችላል። አድራሻው ላይ የቁልፍ ምልክት ያለበት ድረ ገጽ ከሆነ ግን በውስጡ ምን እንዳነበባችሁ ወይም ምን እንደጻፋችሁ አያይም። ይህ የሚለወጠው በመሣሪያችሁ ላይ የእነሱን ሰርተፍኬት ወይም የማስተዳደሪያ ፕሮግራም ከጫናችሁ ነው። ብዙ ተማሪ «ኢንኮግኒቶ» ብሎ ከከፈተ የማይታይ ይመስለዋል። ያ የሚደብቀው ያንኑ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ከሚከፍት ሰው ብቻ ነው፤ ከኔትወርኩ አይደብቅም።

ሦስተኛው አካውንት ነው። ትምህርት ቤት የሰጣችሁ ኢሜይል የትምህርት ቤቱ ነው። በአሜሪካ ጋግል የተባለው ኩባንያ ተማሪዎች በትምህርት ቤት ኢሜይልና ሰነድ ላይ የሚጽፉትን በኮምፒዩተር እያነበበ የሚያሳስብ ቃል ሲያገኝ ለሠራተኞቹ ያቀርባል፤ እነሱም ለትምህርት ቤቱ ያሳውቃሉ። ጎጋርዲያን የተባለው ደግሞ መምህሩ የተማሪዎቹን ስክሪን ከጠረጴዛው ሆኖ እንዲያይ ያደርጋል። በኮቪድ ዘመን ትምህርት ቤቶች ላፕቶፕ በብዛት ሲያድሉ እነዚህ ፕሮግራሞች አብረው ወደየቤቱ ገቡ።

ለፍትሕ ስንል የእነሱንም ምክንያት እንስማ። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ልጅ ሌሊት ላይ ለማንም ያልተናገረውን በሰነድ ላይ ይጽፋል። በጓደኞቹ የሚሰቃይ ልጅም እንዲሁ። ያንን አይቶ የሚደውል ሰው መኖሩ ትንሽ ነገር አይደለም። ጥያቄው አንድ ልጅ ለማትረፍ የሌላው ሁሉ ጽሑፍ መነበብ አለበት ወይ የሚለው ነው። ሌላው ጥያቄ ደግሞ ማሽኑ የሚፈልገውን ቃል የሚመርጠው ማነው የሚለው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ እኛን በቀጥታ ይነካናል። በእንግሊዝ በ2015 የወጣው የፀረ ሽብርና የደኅንነት ሕግ ትምህርት ቤቶችን ተማሪዎች ወደ አክራሪነት እንዳይገቡ የመከላከል ግዴታ ጣለባቸው። በዚያው ዓመት ኢምፔሮ የተባለ ኩባንያ በተማሪዎች ኮምፒዩተር ላይ የአክራሪነት ምልክት ናቸው ያላቸውን ቃላት የሚፈልግ ዝርዝር አዘጋጀ። ከ2016 ጀምሮ የእንግሊዝ መንግሥት መመሪያ ትምህርት ቤቶች ተገቢ የማጣሪያና የክትትል ሥርዓት እንዲኖራቸው ይጠይቃል። ቃል ብቻውን ምን ያህል አሳሳች እንደሆነ ለማወቅ ማሽን እንኳ አያስፈልግም። በ2015 በለንደን የሚማር የ14 ዓመት ሙስሊም ልጅ በፈረንሳይኛ ክፍለ ጊዜ ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲወያዩ፣ ዛፍ እንዳይቆረጥ ብለው በኃይል ስለሚታገሉ ሰዎች የሚነገር «ኢኮ ቴሮሪዝም» የሚል ቃል ተጠቀመ። ከቀናት በኋላ ከክፍል ተጠርቶ ከአይሲስ ጋር ግንኙነት እንዳለው ተጠየቀ። ይህን ያደረጉት ልጁን በዓይናቸው የሚያዩ ሰዎች ናቸው። ማሽን ቢሆንስ? «ጂሃድ» የሚለውን ቃል ስለ ነፍስ ትግል በተጻፈ ኪታብ ውስጥ ሲያገኘው ምን ያደርጋል? እኛ በየሐላቃው የምንናገረው ቃል ነው።

የፈተና ክትትል የሚባልም አለ። በኮቪድ ጊዜ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ፈተናን በቤት ሲሰጡ በካሜራ የሚቆጣጠር ፕሮግራም ተጠቀሙ። በኦሃዮ ግዛት የክሊቭላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከኬሚስትሪ ፈተና በፊት መኝታ ክፍሉን ዙሪያውን በካሜራ እንዲያሳይ ታዘዘ። ከሰሰ። በኦገስት 2022 የፌዴራል ዳኛ ይህ ሕገ መንግሥቱ የሚከለክለው ፍተሻ ነው ሲሉ ፈረዱ። በአምስተርዳም ደግሞ አንዲት ጥቁር ተማሪ ፕሮግራሙ ፊቷን ማግኘት ስላቃተው በፈተና ወቅት መብራት ፊቷ ላይ ማብራት እንዳስፈለጋት ገልጻ አቤት አለች። የኔዘርላንድስ የሰብአዊ መብት ተቋም በዲሴምበር 2022 መድልዎ ሳይኖር አይቀርም ብሎ ዩኒቨርሲቲው እንዲያስተባብል ጠየቀ። በ2023 በሰጠው የመጨረሻ ውሳኔ ግን በእሷ ጉዳይ መድልዎ አልተረጋገጠም፤ አቤቱታዋ የተስተናገደበት መንገድ ግን ትክክል አልነበረም አለ። ሂጃብ ለለበሰች እህት ደግሞ ቤቷ ውስጥ የበራ ካሜራ ሌላ ጣጣ አለው፤ በሩን ከፍታ የምትገባው ታናሽ እህቷ ወይም እናቷ አልተሸፈነችም።

እኛስ ዘንድ? በአገራችን የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒዩተር ይሰጣል፤ ነገር ግን በፈተና ማዕከል ነው። የምዝገባ፣ የዶርምና የውጤት መረጃችን በሲስተም ላይ ነው። የፋይዳ ቁጥርም በየቦታው መጠየቅ ጀምሯል። ይህ ሁሉ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ሰልፍ ይቀንሳል፣ ውጤት መጥፋትንም ያስቀራል። ሕጉም አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ ቤትን ብቻ ሳይሆን ደብዳቤን፣ ስልክንና በኤሌክትሮኒክስ የሚደረግ ግንኙነትንም ጭምር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚሰበስብ አካል ለምን ዓላማ እንደሚሰበስብ እንዲያሳውቅ፣ ከዓላማው በላይም እንዳይጠቀምበት ያስገድዳል። ሃይማኖትን የሚገልጽ መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ነው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ ገና አዲስ ስለሆነ አብዛኛው ተማሪ መኖሩንም አያውቅም። ቅጽ ስትሞሉ «ይሄ ለምን ይፈለጋል?» ብሎ መጠየቅ አመፅ አለመሆኑን ብቻ እንኳ ብናውቅ ጥሩ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ስናወራ አንድ ወንድማችን «ሙስሊም ምን ያስፈራዋል? አላህ ሁሉን ያይ የለም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ብዙ ሰው በልቡ የሚያስበው ነው። አዎ፣ አላህ (ሱ.ወ) ያያል። ግን አላህ የሚያየው ሁሉንም ነው፤ ኒያችንንም፣ ተውበታችንንም። ከዚያም ይሸፍናል። ሰው የሚያየው ቁራጭ ነው። ያንንም አይሸፍንም፤ ይመዘግባል። ስለዚህ ሙራቀባን ከስለላ ጋር ማመሳሰል ትልቅ ስህተት ነው።

ሸሪዓ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። በሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ አላህ ተጀሱስን፣ ማለትም የሰውን ነውር መሰለልን፣ ከመጥፎ ጥርጣሬና ከሐሜት ጋር አንድ ላይ ከልክሏል። አቀማመጡን አስተውሉ፤ በጥርጣሬ ይጀምራል፣ ወደ ስለላ ይሄዳል፣ በሐሜት ያልቃል። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ክፍል ቀዳዳ ሲያጮልቅ አይተውት በጣም ተቆጡ፤ ቤት ሲገባ ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገው ለዓይን ሲባል እንደሆነም አስረዱ። የሎወር ሜሪየንን ላፕቶፕ በዚህ ሐዲስ መመዘን አያዳግትም። አቡ ዳውድ በዘገቡት ደግሞ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ዘንድ አንድ ሰው ጺሙ መጠጥ ያንጠባጥባል ተብሎ ሲነገራቸው፣ ከስለላ እንደተከለከሉ፣ ነገር ግን በግልጽ የታየን ነገር እንደሚይዙ መለሱ። ልዩነቱ ይህ ነው። በግልጽ የወጣን ነገር ማየት አንድ ነገር ነው፤ የተደበቀን ለመፈለግ መሄድ ሌላ ነው። ዑለማዎች ለከባድ ጉዳት በር አልዘጉም። አል-ማወርዲ ስለ ሙሕተሲብ ሥራ ሲጽፉ፣ የተሰወረን መፈለግ አይፈቀድም ካሉ በኋላ፣ ሊታረም የማይችል ጥፋት፣ ለምሳሌ ግድያ፣ ሊፈጸም መሆኑን የሚያሳይ ጠንካራ ምልክት ሲኖር ይፈቀዳል ብለዋል። ራሱን ሊያጠፋ ያለውን ልጅ ጉዳይ እዚህ ውስጥ ማስገባት የሚቻል ይመስለኛል፤ የሁሉንም ልጅ ጽሑፍ ማንበብን ግን አይመስለኝም። ይህ የእኔ ግንዛቤ ነው፤ ኡስታዞቻችን ቢያርሙኝ ደስ ይለኛል።

በተግባር ምን እናድርግ ለሚለው ጥቂት ነገር ልበል። የግል ጉዳያችሁን፣ የጤናም ይሁን የቤተሰብ፣ በዩኒቨርሲቲ ኢሜይል አትጻጻፉ። የካምፓስ ላፕቶፕ ወይም የላብ ኮምፒዩተር ስትጠቀሙ ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ ተነሱ። ቴሌግራም ሁሉም ነገር የተቆለፈ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። ከጽሑፍ መልእክቶች ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ብቻ ነው፤ ግሩፖችና ቻናሎች በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣሉ። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮም ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት ደንቡን የጣሱ ሰዎችን ስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ እንደሚሰጥ አስታውቋል። ዋትስአፕ ግሩፕ የተቆለፈ ነው፤ ግን 200 ሰው ባለበት ግሩፕ ውስጥ አንድ ሰው ስክሪንሾት ካነሳ ቁልፉ ምንም አይጠቅምም። ነፃ ቪፒኤን የምትጠቀሙ ደግሞ ከኔትወርኩ የደበቃችሁትን ለማታውቁት ኩባንያ እየሰጣችሁ መሆኑን አትርሱ።

ስለ ፖሊስና ስለ ኩባንያ ይህን ያህል ካወራሁ ስለ ራሳችንም መናገር አለብኝ። ባለፈው ዓመት እኔ በምሳተፍበት አንድ ኮሚቴ ውስጥ የፈጅር ጀመዓን ለማጠናከር አንድ ሐሳብ ቀረበ። የእያንዳንዱ አባል ስም፣ ዶርምና ስልክ ቁጥር በአንድ የጋራ ሰነድ ላይ ይጻፋል፤ ፈጅር የመጣ ምልክት ይደረግለታል፤ ሦስት ቀን የቀረ ይደወልለታል። ኒያው ጥሩ ነበር። እኔም ደግፌ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰጋጁ በጣም ጨመረ፤ ሁላችንም ተደሰትን።

ከዚያ የሰነዱ ሊንክ ወደ ትልቁ ግሩፕ ተላከ። በስህተት ነው የተባለው፤ ስህተትም ይመስለኛል። በዚያ ሌሊት ከ300 በላይ ሰዎች ማን ፈጅር እንደቀረ ማየት ቻሉ። ከስሞቹ ጎን አንዳንድ አስተያየቶች ነበሩ፤ «ሰነፍ»፣ «ሌሊት ፊልም ያያል»፣ «ይመከር»። በታመመችበት ሳምንት ስሟ በቀይ የተቀባ አንዲት እህት ከዚያ በኋላ ወደ ሐላቃ አልመጣችም። ሁለት ጊዜ ሄደን ዐፍው ጠየቅናት። በትሕትና ተቀበለችን፣ ሻይም አፈላችልን፤ ግን አልመጣችም።

ስብሰባ ጠርተን ሰነዱን አጠፋነው። አሁን ፈጅር የሚቀሰቅሰው እንደ ድሮው የዶርም ጓደኛ ነው፤ በር ያንኳኳል፣ ይሄዳል። ማን እንደተነሳ አይጽፍም። ሰነዱን ከማጥፋታችን በፊት ስንት ሰው ወደ ስልኩ እንዳወረደው ግን እስካሁን አናውቅም።